እንደዚያ ማለቴ አይደለም

ታደለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የምታወራው ከዳሱ ጫፍ እስከ ጫፍ ይሰማል። የወንድሟ የደሴ ሬሳ ከቤት ሲወጣ የቃሬዛውን ፊተኛ ጫፍ የያዘው ልጁ ሳይሆን ጎረቤት እንደነበር፣ አፈር ሲመለስም ልጁ እጆቹን በጋቢው ውስጥ ደብቆ እንደ መንገደኛ ዳር ላይ እንደቆመ፣ ለመጣ ለቀስተኛ ሁሉ ትነግራለች። አሁን የምትነግራቸው ሴቶች ከእስቴ በኩል ገና መድረሳቸው ነው፤ የጫማቸው ጭቃ እንኳ አልደረቀም።

«ወንድሜ ወንድ ልጅ እንዳልነበረው ቁጠሩት» አለች፣ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ። «አንድ ነበረው። እሱም እጁ ከበደው።»

ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ።

የሟች ሚስት ውባለም ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች ሁሉንም ሰማች። ጎረቤቷ የእዝን እንጀራ ጠቅልላ አፏ ድረስ ታደርስላታለች፤ እሷ ደግሞ ቆረስ አድርጋ እያላመጠች በዳሱ ክፍት በኩል ወደ ውጭ ታያለች። ልጇ ምስጋናው አጥሩ ሥር ከተጋደመው የባሕር ዛፍ ግንድ ላይ ብቻውን ተቀምጧል። ጋቢውን እስከ አንገቱ ተከናንቧል፤ እጆቹ አይታዩም። ሰው «እግዜር ያጥናህ» ሲለው ጎንበስ ይላል እንጂ እጁን ለሰላምታ አያወጣም። ይህንንም ሰው ልብ ብሎታል።

አባቱ በግዝት አስሮት ነበር። ይህን የሚያውቁት እሱና እናቱ ብቻ ናቸው። «አባዬ ገዝተውኝ ነው» ብሎ አንድ ጊዜ ቢናገር አክስቱም ዝም ትል ነበር፣ ሰውም ያዝንለት ነበር። አልተናገረም። የእናቱን ሆድ የሚበላው ደግሞ ይህ ብቻ አልነበረም። ምስጋናው ትናንት ወደ እሷ ቀርቦ፣ የሰባቱ ፍትሐት እንዳለቀ ሚስቱን ይዞ መካነ ኢየሱስ ወደ አማቾቹ እንደሚሄድ ነግሯታል። በሬዎቹን ለሚያርስላት ሰው እንድትሰጥ መክሯታል። አባቱ የያዘውን እርፍ በዚህ እጁ መያዝ እንደማይሆንለትም ነግሯታል። ሰኔ ገብቷል፤ ጎረቤቱ ሁሉ ገብሱን መዝራት ጀምሯል።

*

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲጀምር ሰው ሁሉ ወደ ዳሱ ውስጥ ተጠጋጋ። ለቅሶ ሲሰነብት እንደሚሆነው ስለ ሟች የሚነገረው ነገር ከእንባ ወደ ጨዋታ እየዞረ ነበር። ጎረቤታቸው አስቻለው፣ ያ ቃሬዛውን በልጁ ፈንታ የያዘው፣ ስለ ደሴ አንድ ነገር ልንገራችሁ አለ።

በዕድር ስብሰባ መሐል ደሴ ተነሥቶ ዳኛውን ሌባ አለው። ሽማግሌ ተሰየመ፤ ደሴ ይቅርታ ይጠይቅ ተባለ። «‹እንደዚያ ማለቴ አይደለም፤ አልገባችሁኝም› አለና ቁጭ አለ» አለ አስቻለው። «‹ምኑ ነው ያልገባን?› አልነው። ‹ሌባ አልኩ እንጂ ሰረቀ አልኩ?› አለን። እኛ እቴ፣ ነገሩን ስናብላላ ዋልን። ሲመሽ ይቅርታ የጠየቅነው እኛው ነን። ዳኛውም ጭምር።»

ዳሱ በሳቅ ተናወጠ፤ ወዲያው ሐዘን ቤት መሆኑ ትዝ ያለው ሁሉ አፉን ያዘ። ታደለች እንኳ ትከሻዋ ተንቀሳቀሰ። ውባለምም ከነጠላዋ ሥር ፈገግ አለች። ፈገግታው ከፊቷ ሳይወርድ አንድ የቆየ ነገር ደረቷ ላይ ተጫናት።

ለአገሩ ሰው የሚያስቀው ነገር ለእሷ የትዳሯ ዕድሜ ሁሉ ነበር።

የመጀመሪያው በምስጋናው አራስነቷ ነው። እናቷ ሊያርሷት ከስማዳ ወጥተው መጥተው፣ አራስነቱ ቢያልቅም ልጁን መተው አቅቷቸው ሰነበቱ። አንድ ቀን ደሴ ከእርሻ ገብቶ እግሩን እየታጠበ፣ ማንንም ሳያይ፣ «የሰው ቤት ሲሰነብት የራሱ የሚመስለው ሰው አለ» አለ። ቤት ውስጥ የነበሩት ሦስቱ ብቻ ናቸው። እናቷ ምንም ሳይሉ በማግስቱ ጠዋት እቃቸውን ጠቅልለው ወረዱ። ውባለም ልጇን ታቅፋ አለቀሰች፤ እናቴን አባረርካት አለችው።

«እንደዚያ ማለቴ አይደለም» አላት። «አልገባሽም።»

«ታዲያ ምን ማለትህ ነው?»

«ገብቶሽ ቢሆን ባልጠየቅሽኝ።»

ያን ጊዜ ገና ልጅ ነበረች። እውነትም አልገባኝ ይሆን ብላ ያለውን ቃል እያገላበጠች ሰነበተች። ሲቆጣት አልገባሽም ነው፤ ሲነካት አልገባሽም ነው። ዓመታት ሲያልፉ በጆሮዋ የሰማችውን እሷው መጠራጠር ጀመረች። ሰው ሲናገራት ሁለቴ ታስደግመዋለች። በእሱ ላይ የጮኸችበት ቀን ጥቂት ነው፤ በራሷ ላይ ግን ብዙ ጮኻለች።

ክፉ ሰው ቢሆን ይቀላት ነበር። እናቷ ከወረዱ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ደሴ ወዴት እንደሚሄድ ሳይናገር ጠፍቶ ከረመ። ሲመለስ ክንዱ በሣር ተሰነጣጥቋል። ስማዳ ወርዶ የእናቷን ጎጆ ጣራ አፍርሶ እንደ አዲስ ከድኖላቸው ነበር። ስለዚያ አንድ ቃል አልተነፈሰም። እናቷ በመጨረሻ ዘመናቸው ውባለም ልትጠይቃቸው ብትወርድ እንዲህ አሏት፦ «ጣራዬን ከደነልኝ፣ እግዜር ይስጠው። ያለኝን ግን አላነሳልኝም። እዚያው እሱ በከደነው ሥር ተኝቼ ያለኝን አስባለሁ።»

ምስጋናውም ያደገው በዚሁ ነው። በትምህርት ቤት ፈጣን የሚባለው ልጅ ከአባቱ ጋር ሲሆን የማይገባው ልጅ ይሆናል። መጀመሪያ ይከራከር ነበር፤ ኋላ ተወው። ዝም ማለትን ለመደ። እናቱ ዝምታውን ትሕትና ነው ትል ነበር፤ እንዳልሆነ ግን ታውቃለች።

*

ግዝቱ የመጣው በመጋቢት ነው።

የላይኛው ማሳ በወንፈል ሊታረስ ጎረቤት ሁሉ በሬውን ይዞ ወጣ። ደሴ ሳሉ ደረቱን ይዞት ከርሟል፤ ንፋስ መውጫ ከተማ ወስደውት መድኃኒት ተሰጥቶታል፤ እረፍ ተብሏል። ሆኖም ከሁሉ ቀድሞ ተነሥቶ ጥማዱን ጠመደ። ትልሙ ቀጥ በማለቱ በአገሩ የታወቀ ሰው ነው፤ በዚያ ቀን ግን ብዙ ሳይሄድ ሳሉ ያዘውና እርፉ ላይ ተንጠለጠለ። በሬዎቹ ቆሙ። ምስጋናው ከኋላ መጥቶ ጅራፉን ከእጁ ወሰደ። ቀስ ብሎ ነው የወሰደው፣ «አባዬ፣ አንቱ ከጥላው ይረፉ» ብሎ። ልክ በዚያች ቅጽበት አስቻለው እልኸኛ በሬውን እየሰደበ ሳቀ።

ደሴ ሳቁን ለራሱ ወሰደው። ጥላው ሥር ሄዶ ተቀመጠ፤ የመጣለትን ጠላ አልቀመሰም።

ማታ ራት ሳይቀርብ ልጁን ጠራው። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ጅራፌን የወሰድክበት እጅ፣ ስሞት ቃሬዛዬን አይንካ። አፈርም እንዳትመልስብኝ። በእመቤታችን ግዝት» አለው።

ምስጋናው አባቱን ለአፍታ አየው። «እሺ አባዬ» አለና ወጣ።

በማግስቱ ደሴ ሚስቱን ቀና ብሎ ማየት አቅቶት፣ ልጁ አልገባውም፣ እንደዚያ ማለቴ አይደለም አለ። ከዚያ የልጁን ማረሻ አንሥቶ ንፋስ መውጫ ወረደ፤ አስሎ አምጥቶ በልጁ ደጅ አስደግፎት ሄደ። ምስጋናው ማን እንዳሳለው አውቋል። ማረሻውን ግን አላነሣውም። ዝናብ ሲመታው ከረመ።

*

የደሴ የንስሐ አባት ቄስ ሥዩም ሰልስቱ ካለፈ በኋላ በየቀኑ ማለዳ እየመጡ ዳዊት ይደግሙ ነበር። ውባለም አንድ ጠዋት ድጋሙ ሲያበቃ ወደ ጓዳ ጠርታቸው ነገሩን ነገረቻቸው። ሁሉንም ግን አልነገረቻቸውም።

ቄስ ሥዩም እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ከዚያ ቤተ ዘመድ ብቻ ይግባ አሉ። ታደለች ገባች፤ አስቻለው እንደ ቤተ ዘመድ ተቆጠረ። ምስጋናው በሩ አጠገብ ቆመ። ግዝቱ ሲነገር ታደለች ደነገጠች፤ ስትናገረው የሰነበተችው ነገር ሁሉ ፊቷ ላይ ተመልሶ መጣ። አስቻለው የምስጋናውን እጆች የሸፈነውን ጋቢ አይቶ አንገቱን ደፋ።

ቄሱ በቁጣ የተነገረ ቃል በንስሐ እንደሚፈታ አስረዱ። ሟቹን ነፍሱን ይማረውና፣ ነገሩ ከልቡ እንዳልነበረ የሚያውቅ ሰው ካለ ቢመሰክር ሸክሙ ለልጁም ለሟቹም ይቀላል አሉ። ሁሉም ወደ ውባለም ዞሩ።

ከእሷ ግን ታደለች ቀደመች። አሁን በልጁ ላይ ያወራችውን ልትክስ ቸኩላ ነበር። «ምን ምስክር ያሻል አባ? ወንድሜን አላውቀውም? እንደዚያ ማለቱ አይደለም። ልጁ አልገባውም እንጂ።»

«ገብቶኛል» አለ ምስጋናው።

ለብዙ ቀን ያልተሰማ ድምፅ ነበርና ሁሉም ወደ በሩ ተመለከቱ።

«አባ፣ ይፍቀዱልኝ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ አባዬ ሲናገሩኝ የሰማሁትን ሁሉ አልሰማህም ተብያለሁ። ሲሰድቡኝ አልገባህም። ሲያስቀይሙኝ አልገባህም። ያን ማታ ግን ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ ነው የሰማሁት። ግዝታቸውን ተሸክሜ እኖራለሁ፣ ግድ የለም። ሞተውም አልገባህም አይበሉኝ።»

 ቄስ ሥዩም መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይጠብቁ ጀመር፤ ሰው እስኪናገር መጠበቅ የሚችሉ ሰው ናቸው።

ውባለም ነገሩ በእጇ ነበር። አንድ ቃል ነው። እንደዚያ ማለቱ አይደለም ብትል ግዝቱ ይነሣል፤ ልጇ ግን ዳግመኛ የማይገባው ልጅ ይሆናል፤ በእናቱ አፍ። ይህንንም ተቀብሎ እሺ እማ ብሎ እንደሚወጣ፣ መካነ ኢየሱስ ሄዶ እንደሚቀር ታውቃለች። ልክ ነህ ብትለው ደግሞ ባሏን በቄሱና በእህቱ ፊት መቃብሩ ሳይደርቅ ልታዋርደው ነው።

«ማለቱ ነው» አለች።

«ውባለም!» አለች ታደለች።

«እታለም፣ ተይኝ ልናገር። ማለቱ ነበር። ልጄ የሰማው ልክ ነው።»

ከዚያ ለማንም ያልነገረችውን ነገረቻቸው። ደሴ ሊሞት ሁለት ቀን ሲቀረው አጥሚት ልታጠጣው ጎኑ ተቀምጣ ነበር። ልጁን ጥራውና ግዝቱን አንሣለት አለችው። እንደ ልማዱ አልገባውም አላት። ያን ቀን ግን ደከማት። ጣሳውን አስቀመጠችና፣ እንግዲያው ምን ማለትህ እንደነበር ለእኔ ንገረኝ፣ እኔ አስረዳዋለሁ አለችው። ደሴ ወደ ግድግዳው ዞረ። አጥሚቱ ቀዘቀዘ። የተኛ መስሏት ልትነሣ ስትል እጇን ያዛት።

«‹ማለቴ ነው› አለኝ» አለች ውባለም። «‹ስገዝተው ደረቴን ቀለል ብሎኝ ነበር፤ ሲነጋ ነው የከበደኝ። ለእናትሽም ያልኩት ማለቴ ነበር። ሁሉንም ማለቴ ነበር። ሰው ፊቴ ላይ ሲያዝን ሳይ እፈራለሁ፤ ያን ጊዜ አላልኩም እላለሁ› አለኝ። አለቀሰ። አልቅሶ አይቼው አላውቅም ነበር። ‹ጥሪውና በአፌ ልንገረው› አለኝ።»

ምስጋናው በዚያ ቀን ለአባቱ መድኃኒት ፍለጋ ንፋስ መውጫ ወርዶ እዚያው አድሮ ነበር። በማግስቱ ሲመጣ የአባቱ ትንፋሽ ተቆራርጦ፣ አንደበቱ ተይዟል። ይህን ሁሉም ያውቃል።

«ለምን አልነገርሽኝም፣ እማ?» አለ ምስጋናው። ድምፁ ቁጣ አልነበረውም።

 ውባለም ከቀብሩ በፊት ጊዜ አጣሁ ልትል ትችል ነበር፤ ግማሹ እውነት ነው። «ዕድሜዬን ሙሉ ስጠብቀው የኖርኩት ቃል ነው» አለች። «ለእኔ ነው የነገረኝ። ለማንም ልሰጠው ሳሳሁ።»

አስቻለው ጉንጩን በመዳፉ ጠረገ። ምስጋናው ከበሩ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገባ።

«ከንፋስ መውጫ ስመለስ ደጃፍ ላይ ቆሜ ነበር» አለ። «እጃቸውን ወደ እኔ አነሡ። አትቅረበኝ የሚሉኝ መሰለኝና ወጣሁ። ምን ማለታቸው ነበር?»

ይህን ጥያቄ ሲፈራ እንደሰነበተ ከፊቱ ይታይ ነበር። ታደለች እየጠራህ ነው በዪው በሚል ዓይን ውባለምን ለመነቻት። ውባለምም ያችን እጅ አይታታለች፤ ከብርድ ልብሱ ትንሽ ከፍ ብላ ወርዳለች። ና ማለት ልትሆን ትችላለች። አየር ፍለጋም ልትሆን ትችላለች።

«እሱን አላውቅም፣ ልጄ» አለች። «የነገረኝን ነገርኩህ። ያልነገረኝን አልናገርለትም።»

ምስጋናው ራሱን ነቀነቀ። ከሁሉ ይልቅ ይህን መልስ ያመነ መሰለ።

ቄስ ሥዩም ተነሡ። ቃሉን የተናገረው ራሱ ሊያነሣው ጠርቶት እንደነበር፣ ሞት ቢቀድመውም ፈቃዱን እግዚአብሔር እንደሚያውቅ ተናገሩ። ለሟቹ ነፍስ የሚደረገውን ጸሎት ለእናቲቱ ነገሯት። ከዚያ ልጁን «ጎንበስ በል» አሉት። ምስጋናው ተንበረከከ። ቄሱ መስቀላቸውን በራሱ ላይ አድርገው በግእዝ ረዘም ያለ ጸሎት ደገሙ፤ በመጨረሻ «እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉት። መስቀሉን ተሳለመ። ሲነሣ ጋቢው ከትከሻው ወደቀ፤ ታደለች ጋቢውን አንሥታ ታቀፈችው እንጂ መልሳ አላለበሰችውም።

*

ቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ ነው። ምስጋናው ብቻውን መሄድ ፈልጎ ነበር፤ እናቱ ግን የውኃ ጆግ አንጠልጥላ ከኋላው ተከተለችው፤ እሱም አልከለከላትም።

የሰሞኑ ዝናብ መቃብሩን አስርጎታል። የተከመረው አፈር መሐሉ ጎድጉዶ ውኃ ቋጥሯል፤ ዙሪያውን የተደረደሩት ድንጋዮችም ወደ ውስጥ ተጋድመዋል። ምስጋናው ቆሞ አየው። ከቤታቸው ጓሮ አካፋ ነበር፤ አላመጣውም። ተንበርክኮ ውኃውን በእፍኙ ጨልፎ አወጣ። ከዚያ ከዳር የተበተነውን አፈር በሁለት እጁ እየሰበሰበ ጉድጓዱ ላይ ይመልስ ጀመር። ጭቃው ይከብዳል፤ እያንዳንዱን እፍኝ ካስቀመጠ በኋላ በመዳፉ ይጫነዋል። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አቃናቸው። አላለቀሰም። ትንፋሹ ብቻ ከአፉ እንደ ጉም ይወጣ ነበር።

ውባለም ከወይራው ሥር ቆማ ጠበቀችው። እንዲህ ያለውን ሥራ ሲሠራ ከአባቱ አይለይም፤ ይህን ግን አልነገረችውም።

ሲጨርስ መጥቶ አጠገቧ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ከቀብር የተመለሰ ሰው እጁን ይታጠባል፤ ለዚያ ብላ ነው ጆጉን ያመጣችው። ክዳኑን ከፈተችና ጎንበስ አለች።

ምስጋናው እጆቹን አልዘረጋም። ጥቁሩ ጭቃ እስከ አንጓው ደርሷል፤ በጥፍሮቹ ሥርም ገብቷል። ጉልበቱ ላይ ገልብጦ አስቀምጦ ያያቸዋል።

«ትንሽ ይቆይ፣ እማ» አለ።

ውባለም ጆጉን ከደነችውና መሬት ላይ አስቀመጠችው። አጠገቡ ተቀመጠች።